አንዱ ካርድ እንዴት ስምንት ሆነ?

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ በመስኖ ከሚታረስ አገር ተወልደው ወይም በዚያ በኩል አልፈው እንደ ሆነ፤ ውኃ ሲከፈል ሳያዩ አልቀሩም። ከወንዙ የተጠለፈው ቦይ አንድ ነው፤ ማሳው ግን ብዙ ነው። ሽንኩርቱም ይጠማል፤ በርበሬውም ይጠማል፤ የላይኛው ገበሬ ማሳውን አጥለቅልቆ ሲያፈስ የታችኛው እያየ ይደርቅበታል። ስለዚህ ገበሬዎቹ ከመካከላቸው ለማንም የማያደላውን ሰው መርጠው «የውኃ አባት» ይሉታል። እርሱም የቦዩን አፍ በሣርና በጭቃ እየደፈነና እየከፈተ፤ ለዚህ እስከ ረፋድ፤ ለዚያ እስከ ቀትር እያለ ያካፍላል። ልብ ይበሉ! የውኃ አባት በወንዙ ላይ አንዲት ጣሳ ውኃ አልጨመረም። የጨመረው ሥርዓትን ነው። በሥርዓቱ ምክንያት ግን ጠቡ ይቀራል፤ ሁሉም ያመርታል።

ዛሬ ስለ አንድ የኮምፒዩተር ጥበብ ልናጫውትዎ ተነሥተን ነገራችንን ከመስኖ የጀመርነው ያለ ምክንያት አይደለም። በታላላቅ ድርጅቶች የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥም አንድ ቦይ አለ፤ ብዙ የተጠሙ ማሳዎችም አሉ፤ የውኃ አባትም አለ። ይህ የውኃ አባት በአንዲት አነስተኛ ካርድ ላይ ተቀምጦ፤ አንዱን መስመር አራት፤ ስምንት፤ አንዳንድ ጊዜም ከስድሳ በላይ አድርጎ ያካፍላል። እንዴት እንደሚያካፍል፤ ምን እንደሚጠቅም፤ ደግሞም የትኛው ላይ ሰውን እንደሚያታልል ማወቅ፤ ገንዘቡንና ጉዳዩን ለኮምፒዩተር አደራ ለሰጠ ሰው ሁሉ የሚገባ ነገር ነው። ያ ሰው ደግሞ ዛሬ እርስዎም ነዎት፤ እኛም ነን።

የሰርቨሩ በር

በስልክዎ ለዘመድዎ ገንዘብ ሲልኩ፤ ባንክ ሳይሄዱ የመብራት ሒሳብ ሲከፍሉ፤ ባሕር ማዶ ካለች እኅትዎ ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ሲነጋገሩ፤ ጥያቄዎ የሚደርሰው ሰርቨር ከሚባል ኮምፒዩተር ዘንድ ነው። ሰርቨር ማለት አገልጋይ ማለት ነው። ይህ አገልጋይ እንደ ቢሮ ኮምፒዩተር ከጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ ከጓደኞቹ ጋር በብረት መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ፤ ሌት ተቀን በሚቀዘቅዝ ክፍል ውስጥ ይኖራል። ብዙውን ጊዜ ስክሪንም ሆነ ኪቦርድ የለውም። ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘው በር የኔትወርክ ካርድ ይባላል፤ ገመዱ የሚሰካበት የካርዱ አፍ ደግሞ ፖርት ይባላል።

ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው መልእክት ሁሉ አስቀድሞ ፓኬት በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይቆራረጣል። እያንዳንዱ ፓኬት በፖስታ እንደ ታሸገ ደብዳቤ ነው፤ በላዩ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ ተጽፎበታል። ፖርቱም የራሱ አድራሻ አለው። ይኸውም 48 የዜሮና የአንድ ምልክቶች ያሉት ሲሆን፤ ካርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ተሰጥቶት ይወጣል። ካርዱ በገመዱ ከሚደርሰው ሁሉ መካከል በአድራሻው የተጻፈለትን ይቀበላል፤ የእርሱ ያልሆነውን ይተወዋል።

ይህ አሠራር ኢተርኔት ይባላል። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንናገር። በ1973 በአሜሪካ አገር፤ በካሊፎርንያ በፓሎ አልቶ ከተማ፤ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል ሮበርት ሜትካፍ የተባለው ሊቅ ኢተርኔትን አሰበ፤ ከጓደኛው ከዴቪድ ቦግስ ጋርም ሆኖ ሠራው። ያ የመጀመሪያው መስመር በአንድ ሴኮንድ የሚያሳልፈው 2.94 ሚሊዮን ቢት ነበር። ቢት ማለት አንዲት የዜሮ ወይም የአንድ ምልክት ናት። በ1983 ደንቡ ሲጸድቅ መስመሩ 10 ሚሊዮን ቢት ደርሶ ነበር፤ በ2002 ደግሞ በሴኮንድ 10 ሺህ ሚሊዮን ቢት የሚያሳልፈው ደንብ ወጣ። ይህንን ባለሙያዎች 10 ጊጋቢት ይሉታል። በ2017 የ400 ጊጋቢት ደንብ ጸደቀ። በአርባ አራት ዓመት ውስጥ ቦዩ ወንዝ ሆነ ማለት ነው።

ዳሩ ግን ቦዩ ይህን ያህል ሲሰፋ ሳይለወጥ የቆየ አንድ ልማድ ነበር። አንድ ፖርት፤ አንድ አድራሻ፤ አንድ ባለቤት የሚለው ልማድ ነው። ይህን ልማድ ያፈረሰው ከካርዱ በፊት የተከፈለ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው።

በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ

በ1967 የአይቢኤም ኩባንያ ሊቃውንት በማሳቹሴትስ፤ በካምብሪጅ ከተማ በነበራቸው ማእከል ሲፒ-40 የተባለ ሥርዓት ሠርተው ሥራ ላይ አዋሉ። ይህ ሥርዓት አንዱን ኮምፒዩተር እስከ 14 ድረስ ሲያካፍል፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሙሉ ኮምፒዩተር ለብቻው የተሰጠው ይመስለው ነበር። እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር በፕሮግራም ኃይል የቆመ እንጂ ለራሱ የተለየ ብረትና ሽቦ የሌለው በመሆኑ፤ ባለሙያዎች ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል፤ እኛ ምናባዊ ኮምፒዩተር እንበለው። ጥበቡ ለብዙ ጊዜ በታላላቆቹ ኮምፒዩተሮች ዘንድ ከቆየ በኋላ፤ በ1998 የተቋቋመው ቪኤምዌር ኩባንያ ወደ ተራው ኮምፒዩተር አመጣው፤ በ2001ም ለሰርቨር የሚሆነውን አወጣ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ሰርቨር ውስጥ አሥርም ሃያም ምናባዊ ኮምፒዩተር ማኖር የተለመደ ሥራ ሆነ።

ነገሩ ብዙ ተከራይ እንዳለበት ግቢ ነው። ግቢው አንድ ሰርቨር ነው፤ ክፍሎቹ ምናባዊ ኮምፒዩተሮች ናቸው፤ ክፍሉን የሚያከራየውና ሥርዓት የሚያስከብረው ፕሮግራም ደግሞ ሃይፐርቫይዘር ይባላል። አከራዩ ክፍል ቢያበዛ ኪራዩ ይበዛለታል፤ ነገር ግን ሁሉም የሚወጣውና የሚገባው በአንዱ የግቢ በር ነው። ጠዋት ሁሉም ወደ ሥራው ሲሮጥ በሩ ላይ የሚሆነውን መገፋፋት ይገምቱት።

በዚህ በር የሚተላለፈው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው የተገልጋዩ ጥያቄና መልስ ነው፤ ይህ ቀጭን ቢሆንም መዘግየትን አይወድም። ሁለተኛው በሰርቨሩና መዝገቡ በሚቀመጥበት የዲስክ ክፍል መካከል የሚመላለሰው ነው፤ ይህ ወፍራምና የማያቋርጥ ነው። ሦስተኛው፤ አንዱ ምናባዊ ኮምፒዩተር ሥራውን ሳያቋርጥ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ሲዛወር የሚጓዘው ዕቃው ነው፤ ይህ አልፎ አልፎ የሚመጣ ቢሆንም በመጣ ጊዜ መንገዱን ሁሉ ይሞላዋል። አራተኛው ባለሙያው ሰርቨሩን የሚቆጣጠርበት ትእዛዝ ነው፤ ይህ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን እርሱ ከጠፋ ሰርቨሩን የሚያዝዘው የለም።

እንግዲህ ይህን በምሳሌ እንመልከተው። የደመወዝ ቀን ማታ ነው እንበል። አንዲት እናት ለታመመ ልጅዋ መድኃኒት ልትገዛ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ቆማ በስልኳ ትከፍላለች። በዚያው ሰዓት በባንኩ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ የቀኑን መዝገብ የመገልበጥ ሥራ ይጀመራል፤ ባለሙያዎች ባክአፕ የሚሉት ነው። ባክአፑ እንደ ክረምት ጎርፍ በሩን ሞልቶ ይወጣል። የሴትዮዋ ክፍያ በመጠኑ ከጥቂት ፓኬት አይበልጥም፤ ሆኖም ከጎርፉ ኋላ ተሰልፎ ይቆያል። ስልኳ «እባክዎ ይጠብቁ» ይላታል፤ ባለ መድኃኒት ቤቱም ገንዘቡ አልገባም ይላታል። ማንም አልሰረቀ፤ ማንም አልበደለ፤ ምንም መሣሪያ አልተበላሸ። የጎደለው ውኃ አይደለም፤ የውኃ አባት ነው።

ለዚህ ችግር የቀደመው መድኃኒት ለእያንዳንዱ ዓይነት ሥራ የየራሱን ካርድ መስጠት ነበር። አንድ ሰርቨር ባለ 1 ጊጋቢት ስድስትና ስምንት ፖርት ይደረግለት ነበር። ሂውሌት ፓካርድ በ2006 ያወጣውን ሲ7000 የተባለውን ሳጥን እንውሰድ። በዚህ አንድ ሳጥን ውስጥ ብሌድ የሚባሉ 16 ስስ ሰርቨሮች ይሰካሉ። ለእያንዳንዱ ስምንት ፖርት ቢሰጠው 128 መስመር ይሆናል። እንዲህ ባለ ስስ ሰርቨር ላይ ይህን ሁሉ ካርድ የሚሰኩበት ቦታ ከየት ይመጣል? መስመሩን የሚቀበለው ስዊች የተባለው ማገናኛ መሣሪያስ ስንት ሊገዛ ነው? ካርዱ መብራት ይበላል፤ ይሞቃል፤ ሙቀቱን ለማውጣት እንደ ገና መብራት ይጠፋል። ከሁሉ የሚገርመው፤ ይህ ሁሉ ወጪ ተደርጎ አብዛኛው መስመር የቀኑን እኩሌታ ሥራ ፈትቶ መዋሉ ነው። የባክአፑ መስመር ቀን ይተኛል፤ የተገልጋዩ መስመር ሌሊት ይተኛል፤ አንዱም ለሌላው ማበደር አይችልም።

የውኃ አባት በካርዱ ላይ

በ2008 ሂውሌት ፓካርድ ፍሌክስ-10 የተባለውን ዘዴ አወጣ። አሳቡ ቀላል ነው። ብዙ ቀጫጭን መስመር ከመዘርጋት ይልቅ አንድ ወፍራም ባለ 10 ጊጋቢት መስመር ዘርግቶ፤ እርሱን በካርዱ ላይ አራት አድርጎ መክፈል ነው። ካርዱ ሁለት ፖርት ስላለው፤ ሁለት ጊዜ አራት ስምንት ይሆናል። ሰርቨሩ ሲነሣ ስምንት ካርዶች እንደ ተሰኩበት ያያል፤ እጅዎን ሰደው ቢዳስሱ ግን የሚያገኙት አንድ ብቻ ነው።

ሰርቨሩ እንዴት ተታለለ? ቢሉ ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ ፒሲአይ በሚባለው የውስጥ መንገድ ላይ የተሰኩትን ዕቃዎች አንድ በአንድ እየጠራ ይመዘግባል፤ እንደ አስተማሪ የተማሪዎችን ስም ይጠራል ማለት ነው። የፒሲአይ ሕግ አንድ ዕቃ እስከ ስምንት ሆኖ «አለሁ!» ብሎ እንዲመልስ ከጥንትም ይፈቅዳል። የተከፈለው ካርድ በዚህ ፈቃድ ይጠቀማል። ስሙ ሲጠራ ስምንት ጊዜ ይመልሳል፤ ለእያንዳንዱም መልስ የተለየ ባለ 48 ምልክት አድራሻ ያቀርባል። ስለዚህ ሰርቨሩ በላዩ ለሚኖሩት ፕሮግራሞች ምንም አዲስ ነገር ማስተማር ሳያስፈልግ፤ እንደ ወትሮው ስምንት ካርድ አለኝ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

ፓኬት ከገመዱ ሲደርስ ካርዱ በላዩ የተጻፈውን አድራሻና የተለጠፈበትን ምልክት አይቶ የማን እንደ ሆነ ይለያል፤ ወደ ባለቤቱም ሰልፍ ያስገባዋል። ወደ ውጭ የሚወጣውንም በየሰልፉ አቁሞ እንደ ተወሰነለት ድርሻ ይለቅቀዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በካርዱ ላይ ባለው ቺፕ ስለ ሆነ የሰርቨሩ ፕሮሰሰር አይደክምበትም።

ድርሻውን የሚወስነው ሰው ነው። በፍሌክስ-10 እያንዳንዱን ክፍል ከ100 ሚሊዮን ቢት ጀምሮ፤ አንድ አንድ መቶ ሚሊዮን እየጨመሩ፤ እስከ 10 ጊጋቢት ማድረስ ይቻላል። ለምሳሌ ባለሙያው ለመቆጣጠሪያው ግማሽ ጊጋቢት፤ ለዝውውሩ ሁለት ተኩል፤ ለዲስኩ አራት፤ ለተገልጋዩ ሦስት ቢመድብ፤ ተደምሮ አሥር ይሆናል። እንግዲህ ባክአፑ የቱንም ያህል ቢያጓራ ከአራቱ ጊጋቢት አያልፍም። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት የቆመችው እናት ሦስት ጊጋቢት የሚያሳልፍ የራስዋ በር አላት፤ ክፍያዋም ሳይንገላታ ያልፋል። ሥራው ሲለወጥም ድርሻውን ለመለወጥ አዲስ ገመድ መሳብ አያስፈልግም፤ ባለሙያው ከወንበሩ ሳይነሣ ቁጥሩን ያስተካክላል።

ሌሎች አምራቾችም ይህንኑ ጥበብ በየስማቸው አቀረቡ። ኤንፓር የሚባለው ዓይነት ክፍፍሉን በሙሉ በካርዱ ላይ ስለሚፈጽም ከማንኛውም ስዊች ጋር ይስማማል። ካርድ ሲከፍል የነበረው ሂውሌት ፓካርድም በ2015 እርሱ ራሱ ለሁለት ኩባንያ ተከፈለ፤ የመክፈልን ነገር ከእርሱ የሚበልጥ የሚያውቅ የለም ያሰኛል።

ያለ አማላጅ መግባት

እስካሁን የተናገርነው ካርዱን ለሥራ ዓይነቶች ስለ መክፈል ነው። ለምናባዊ ኮምፒዩተሮቹ ራሳቸው ማካፈል ግን የባሰ ጥበብ ጠየቀ። በቀደመው አሠራር አከራዩ ሃይፐርቫይዘር በር ላይ ተቀምጦ፤ ለተከራዮቹ የሚመጣውን እያንዳንዱን ፓኬት ተቀብሎ፤ አይቶ፤ ገልብጦ ለባለቤቱ ያደርስ ነበር። ፓኬቱ ጥቂት ሲሆን ይህ ደኅና ነው። ሲበዛ ግን ምን ይሆናል? በ10 ጊጋቢት መስመር ላይ ጥቃቅኖቹ ፓኬቶች ቢሞሉ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 14 ሚሊዮን 880 ሺህ ያህል ይደርሳሉ። ለአንዱ የሚደርሰው ጊዜ 67 ናኖሴኮንድ ብቻ ነው። ናኖሴኮንድ ማለት አንዲት ሴኮንድ ሺህ ሚሊዮን ቦታ ተከፍላ አንዱ እጅ ናት። በሴኮንድ 3 ሺህ ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ፈጣን ፕሮሰሰር በዚህች ቅጽበት 200 ጊዜ ያህል ቢመታ ነው፤ በ200 ምት ደግሞ ደብዳቤ ተቀብሎ፤ አንብቦ፤ ገልብጦ ማድረስ ከባድ ነው። አከራዩ ደጅ ጠባቂ ሆኖ ሲባዝን ይውላል፤ ግቢውም ሳይጠረግ ያመሻል።

በ2007 የፒሲአይን ሕግ የሚያወጣው ማኅበር አንድ አዲስ ደንብ አሳተመ፤ ኤስአር-አይኦቪ ይባላል። በዚህ ደንብ ካርዱ ሁለት ዓይነት ገጽ ይኖረዋል። አንደኛው ዋናው ገጽ ነው፤ ሙሉ ሥልጣን ስላለው በአከራዩ እጅ ይቆያል። ሌሎቹ ቀላል ገጾች ናቸው፤ መቀበልና መላክ ብቻ ይችላሉ እንጂ ካርዱን ማዘዝ አይችሉም። አከራዩ ለእያንዳንዱ ተከራይ አንድ አንድ ቀላል ገጽ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ተከራዩ አማላጅ ሳያስፈልገው ደብዳቤውን ከካርዱ በቀጥታ ይቀበላል። ኢንቴል ያወጣው 82599 የተባለው ባለ 10 ጊጋቢት ቺፕ በአንዱ ፖርት ላይ ከ60 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ገጾች ሊያቀርብ ይችላል።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሣል። ካርዱ ደብዳቤውን በቀጥታ በተከራዩ ሜሞሪ ውስጥ የሚጽፍ ከሆነ፤ አንዱ ተከራይ ካርዱን ልኮ በጎረቤቱ ክፍል ውስጥ እንዲጽፍ ወይም የጎረቤቱን ምስጢር እንዲያነብ ቢያደርገውስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ የባንክ መዝገብና የማይታወቅ ሰው ፕሮግራም ግድግዳ ለግድግዳ ሊኖሩ ይችላሉና። ስለዚህ በካርዱና በሜሞሪው መካከል ሌላ ዘበኛ ቆሟል። የካርዱን እያንዳንዱን ጽሕፈት ከመዝገብ ጋር ያመሳክራል፤ ተከራዩ ከተፈቀደለት ክፍል ውጭ ከሆነ ይከለክላል። ይህን ዘበኛ ኢንቴል በሚሠራቸው ኮምፒዩተሮች ውስጥ ቪቲ-ዲ ይሉታል። እርሱ ሳይኖር ካርዱን ለተከራይ በቀጥታ መስጠት የቤትን ቁልፍ ለመንገደኛ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

ሰርቨር በማከራየት ገናና የሆነው የአማዞን ኩባንያ በ2013 ይህን ዘዴ ለደንበኞቹ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ኮምፒዩተር የሚከራይ ሰው፤ ፊቱን አይቶት በማያውቀው ካርድ ላይ የራሱን ቁራሽ ይዞ ይሠራል። አንባቢ ሆይ፤ እርስዎም በስልክዎ የሚጠቀሙበት አንዳንዱ አገልግሎት በእንዲህ ያለ ቁራሽ ላይ የቆመ ሊሆን ይችላል።

ክፍፍሉ የሚያታልልበት ቦታ

ጥበቡን እንዲህ ካመሰገንን በኋላ ጉድለቱን ብንሸሽግ አንባቢውን ማሳሳት ይሆንብናል። ጉድለቱ አራት ነው።

አንደኛ፤ መክፈል ማብዛት አይደለም። ሰርቨሩ ስምንት ካርድ ቢያይም መስመሩ ያው ሁለቱ ነው። አራቱን ክፍል እያንዳንዱን እስከ 10 ጊጋቢት እንዲሄድ ቢፈቅዱለት 40 ጊጋቢት አያገኙም፤ የሚያገኙት በ10 ጊጋቢት ላይ የሚሻሙ አራት ሰዎችን ነው። ሻጩ «ስምንት ካርድ» ሲልዎ፤ ገመዱ ስንት ነው? ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛ፤ ገደብና ዋስትና የተለያዩ ናቸው። ገደብ ማለት «ከዚህ አትለፍ» ነው፤ ዋስትና ማለት «ከዚህ አታንስም» ነው። ገደብ ብቻ ከሆነ ጎረቤቱ ቢተኛም የእርሱን ድርሻ መበደር አይቻልም፤ ወንዙ ሙሉ ሆኖ ማሳው ይደርቃል። ዋስትና ካለ ግን ሁሉም ሲመጣ እንደ ድርሻው ይካፈላል፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይጠቀማል። ብልህ የውኃ አባት ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ወይም ሁለቱን አስማምቶ ይሠራባቸዋል።

ሦስተኛ፤ በተለምዶ የካርዱ ገደብ የሚይዘው የሚወጣውን እንጂ የሚገባውን አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ጎርፍ ካርዱ ዘንድ ሲደርስ መስመሩን ሞልቶ ደርሷል፤ ካርዱ ምን ያደርገዋል? ለዚህ መድኃኒቱ ከላይ፤ ከስዊቹ ዘንድ መከላከል ነው። ከዚህ ሌላ፤ በቀጥታ ከካርዱ ጋር የተጣበቀ ምናባዊ ኮምፒዩተር ሥራውን ሳያቋርጥ ወደ ሌላ ሰርቨር እንደ ልብ ማዘዋወር ያስቸግራል፤ ከዚያ ሰርቨር ብረት ጋር ተሳስሯልና። ፍጥነቱን የሚወድ ሰው ይህን ዋጋ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። አባቶቻችን «አንድ እንጨት አይነድም፤ አንድ ሰው አይፈርድም» ብለዋል። በቀደመው አሠራር ስምንት ካርድ ሲኖር አንዱ ቢሞት ሰባቱ ይቀሩ ነበር። ዛሬ ግን ገመዱ ቢነቀል አራቱ ክፍል ባንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ካርዱ ቢቃጠል ስምንቱም ይጠፋል። ጥንቃቄ ያለው ባለሙያ ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ካርድ በመጠባበቂያነት ማጣመር ልማዱ ነው። ነገር ግን ስክሪኑ የሚያሳየውን አምኖ «ካርድ አንድ»ንና «ካርድ ሁለት»ን ቢያጣምር፤ ሁለቱ የአንዱ ፖርት ቁራሾች ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። በወረቀት ላይ መጠባበቂያ አለ፤ በብረቱ ላይ ግን የለም። የዚህ ስሕተት ክፋቱ በሰላሙ ቀን የማይታይ መሆኑ ነው። ሁሉም ይሠራል፤ ሁሉም መብራት አረንጓዴ ነው፤ አለቃውም ይደሰታል። የሚታየው ገመዱ የተነቀለ ዕለት ነው። ያን ዕለት ያቺ እናት እንደ ገና ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ትቆማለች፤ ስልኳም እንደ ገና «እባክዎ ይጠብቁ» ይላታል። የቀድሞው ማታ የጎደለው የውኃ አባት ነበር፤ አሁን ግን የጎደለው ሁለተኛው ቦይ ነው።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ክፍሎቹን ከማጣመር በፊት እያንዳንዱ በየትኛው ፖርት፤ በየትኛው ካርድ፤ በየትኛውም ስዊች ላይ እንደ ቆመ በወረቀት መሣል፤ ጥንዶቹንም ከተለያየ ካርድና ከተለያየ ስዊች መምረጥ ነው። ከዚያም በኋላ፤ ይህን አደራ እንላለን፤ አንድ ሌሊት ተገልጋዩ ጥቂት በሆነበት ሰዓት፤ የበላይ አሳውቆ፤ ገመዱን በእጅ ነቅሎ ማየት ነው። ሥራው ከቀጠለ መጠባበቂያው እውነተኛ ነው። ካልቀጠለ፤ ጉድለቱን በራስ ፈቃድና በራስ ሰዓት ማወቅ በደመወዝ ቀን ማታ ከማወቅ ይሻላል።

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ይህ ጽሑፍ የኮምፒዩተር ባለሙያ ያደርግዎታል አንልም። ነገር ግን ነገ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነው ወይም በቦርድ ተሰይመው፤ አንድ ሻጭ መጥቶ «ይህ ካርድ ስምንት ነው» ቢልዎ፤ የሚጠይቁትን አያጡም። ገመዱ ስንት ነው? ዋስትናው ለማን ነው? ጎርፍ ሲመጣ የሚከለክለው የት ነው? አንዱ ቢቆረጥ ሌላው ቦይ በየት በኩል ይመጣል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ናቸው። በመስኖ አገር ያደገ ገበሬ ኮምፒዩተር ሳያይ አራቱንም ይጠይቃቸው ነበር። ቦዩን ከመክፈሉ በፊት ወንዙን ወጥቶ ያያልና።